ደረት በውክልና

ጠዋት፣ በአንዲት የገጠር ጤና ጣቢያ ምርመራ ክፍል፤ ጤና መኮንኗ ስንቅነሽ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ አዛውንቱ ጓንጉል ማኅተም ያለበት ፖስታ ጨብጠው።

ስንቅነሽ፦ ኧረ በሕግ አባባ! በሰው ደረት ሰው ታክሞ ያውቃል?

ጓንጉል፦ እኔ እኮ ወኪል ነኝ። ወንድሜ ጋሼ ደምሳሽ የዕድር ዳኛ ናቸው፤ በሴት ልጅ ፊት ደረታቸውን ገልጠው አይቆሙም። ደረት ከሆነ ይኸው ደረት፣ ያንድ እናት ጡት የጠባ።

ስንቅነሽ፦ ምናቸውን ነው የሚያማቸው?

ጓንጉል፦ “ደረቴን” ብለውኛል። ቤቱም በሳል ሲናወጥ ነው የሚያድረው።

ስንቅነሽ፦ ታዲያ ይምጡዋ!

ጓንጉል፦ ፍርድ ቤት ስቆምላቸው ዳኛው “ይምጡ” አላለኝም። ሚስት ሲያጩ እንኳ ሄጄ ያየሁላቸው እኔ ነኝ። ይኸው ሰባት ወልደዋል።

ስንቅነሽ፦ ሰባቱንም በውክልና?

ጓንጉል፦ እሱን እንኳ ራሳቸው ናቸው። አትቀልጂ ልጄ፣ እሳቸው ቢሞቱብኝ ማን አለኝ? አዳምጪልኝ በሞቴ!

ስንቅነሽ፦ እሺ። ስም?

ጓንጉል፦ ደምሳሽ ይመኑ።

ስንቅነሽ፦ የእርስዎን ነው የጠየቅኩት።

ጓንጉል፦ የእኔ ምን ያደርግልሻል? የጤነኛ ስም ካርድ ማበላሸት ነው።

ስንቅነሽ፦ በሉ ሸሚዝዎን ያውልቁ። በረጅሙ ይተንፍሱ።

ጓንጉል፦ በእኔ ልክ ወይስ በሳቸው? እሳቸው ደረተ ሰፊ ናቸው።

ስንቅነሽ፦ በተገኘው ይተንፍሱ! እንደገና። ጀርባዎን ያዙሩልኝ… አባባ፣ እዚህ ቀኝ ጎንዎ ላይ አይወጋዎትም?

ጓንጉል፦ ይወጋኛል! ሰማሽው? የሳቸው ነው! ውክልናው ሠራ!

ስንቅነሽ፦ ሌሊት የሚስለው ማን ነው?

ጓንጉል፦ የምስለውስ እኔ ነኝ። እንቅልፍ የሚያጡት ግን እሳቸው ናቸው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ጤነኛ ይባላል?

ስንቅነሽ፦ ፖስታው ምን ይላል?

ጓንጉል፦ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ተሸካሚ አይከፍትም።

ስንቅነሽ፦ እንግዲያው እኔ ልክፈተው። “ለጤና ጣቢያው። ይህ ታናሽ ወንድሜ ጓንጉል ነው። ሳሉ ሊገድለው ነው፤ ታከም ብለው እምቢ አለኝ። ስለዚህ ታመምኩ ብዬ ዋሸሁት። ሃምሳ ዓመት ለእኔ ሲሄድ ኖሯል፤ ለራሱ አንድ ቀን አልሄደም። ከመጣላችሁ አትልቀቁት። እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ።”

ጓንጉል፦ ጉድ በል ያገሬ ሰው! የዕድር ዳኛ በማኅተም ይዋሻል?

ስንቅነሽ፦ “ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ” ይባላል፤ እርስዎ ጭራሽ አልቆረሱም። አባባ፣ ሳንባዎ ተጎድቷል። ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልገቡ ያሰጋኛል።

ጓንጉል፦ አይሆንም! ነገ ታች ሰፈር ለቅሶ አለ፤ ማን ሊደርስላቸው?

ስንቅነሽ፦ ቆይ፣ ከማኅተሙ በታችም ጽፈዋል። “የነገውን ለቅሶ ራሴ እደርሳለሁ። የጓንጉልን ለቅሶ ግን አልችለውም።”

ጓንጉል፦ …እንዲያ ብለው ጻፉ?

ስንቅነሽ፦ በገዛ እጃቸው። እና ካርዱን በማን ስም ላውጣው?

ጓንጉል፦ …ጓንጉል በይው። ጓንጉል ይመኑ።