ቁልፍ ያልጣለ ጣት

በ1975 ዓ.ም. ክረምት ከቀራንዮ ወደ ኮልፌ በሚሄድ ውይይት ታክሲ ፊት ለፊት ተደርድረን ተቀምጠን ነበር። አንድ ሽማግሌ የመሠረተ ትምህርት ፈተና ሊፈተኑ ወደ ቀበሌ እየሄዱ፣ አጠገባቸው ለተቀመጠው ተማሪ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ስምህን ጻፍ ይሉኛል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በጣቴ ነው የፈረምኩት።»

«ታዲያ ምን ያስፈራዎታል አባባ?»

«እርሳሱ ያመልጠኛላ! ሸክም አደንድኖት እጄ የጦጣ እጅ ሆኗል።»

«የጦጣ አውራ ጣት አጭር ነው። ጉሬዛማ ጭራሽ የላትም ማለት ይቻላል። የሰው ግን በብዙ ሺህ ዘመን እየረዘመ መጥቶ የሌሎቹን ጣቶች ጫፍ ይነካል።»

«ማን አስረዘመው?»

«ሥራ ነው ይላሉ፤ ድንጋይ መጥረብ።»

«ያስረዘመውንስ እኔ አውቀዋለሁ። አንተ ቀጥል።»

«እስቲ አውራ ጣትዎን አጥፈው የኮትዎን ቁልፍ ይቆልፉ።»

«ኧረ እምቢ አለኝ!»

ተሳፋሪው ሁሉ በየልብሱ ሞከረ።

«እኔንም ሳንቲም አስጣላችሁኝ!» አለ ረዳቱ።

«አሁን በአውራ ጣትዎ ይሞክሩት፣ አባባ።»

«ተቆለፈ!»

«ቁልፍ ያልጣለ ጣት እርሳስ አይጥልም።»

«እንግዲያው ወራጅ አለ! የቀበሌ ሰዎች የጣት ቀለማቸውን ለሌላ ያስቀምጡት» አሉ ሽማግሌው።

በማግስቱ ጠዋት ሳማትብ፣ አውራ ጣቴን ከሌባ ጣቴ ጋር አመሳቅዬ ከወትሮው ትንሽ ቆየሁ።