ኮሚቴ የተቋቋመለት ማር

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ጣሪያ ሥር የዱር ንብ ሰፈረና እንዳነሣላቸው እኔን ጠሩኝ። ያስጠራኝ ኃላፊው ነው፤ በንብ እርባታ የተመረቅሁት እኔ ሆኜ ሳለ የባለሙያነቱን ቦታ በዘመድ ወስዶብኝ ኋላ ኃላፊ የሆነ ሰው። ንቦቹን በኩበት ጭስ አረጋግቼ ከነንግሥታቸው ግቢው ጥግ ካስቀመጥኩት ቀፎ አስገባኋቸው። የተረፈው አንድ ሳፋ የማር እንጀራ ነበር፤ አብዛኛው ገና ያልበሰለ፣ ሲያዘነብሉት እንደ ውሃ የሚወርድ። “ይኼ ገና ማር አልሆነም፤ ቢቀመጥ ይኮመጥጣል። ለንቦቹ ይመለስላቸው፤ አለዚያ በዚህ የጓሳ ደጋ ብርድ በረሃብ ያልቃሉ” አልኩት።

“አንተ ደግሞ! በመንግሥት ጣሪያ ሥር የተገኘ የመንግሥት ንብረት ነው። ኮሚቴ ይወስንበታል” አለኝ። አምስት ሰው ተመረጠ። ሳፋው ሳይከደን በስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠና ቃለ ጉባኤ መጻፍ ተጀመረ። መስኮቱ ክፍት መሆኑን አይቻለሁ፤ ግን አልተናገርኩም፣ የኮሚቴው አባል አይደለሁማ። ፀሐዩ ሞቅ ሲል ማሩ ንቦቹን ሸተታቸውና በመስኮቱ ጎርፈው ገቡ። ኃላፊው ኮቱን ተከናንቦ በበሩ ወጣ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ በመስኮት። ንቦቹ ጠብታ ሳያስቀሩ ልሰው ወደ ቀፏቸው አጋዙት፤ ሳፋው ውስጥ የቀረው ደረቅ ሰም ብቻ ነው።

እኔ ከዘበኛው ከጋሽ ተክሌ አጠገብ ቆሜ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። “ልጄ፣ እነዚህ የተወሰደባቸውን በግማሽ ቀን አስመለሱ” አሉኝ። “አንተ ግን ይኸው፣ ለወሰደብህ ሰው ንብ ታነሣለታለህ።”