የዘር ስብሰባ

ሽማግሌው ገበሬ በመንደሩ የሚታወቁት «አባ አይሆንም» በሚል ቅጽል ስም ነው። የቧንቧ ውኃ ሲገባ አይሆንም ብለዋል፤ ትምህርት ቤት ሲሠራም እንዲሁ ብለው፣ ኋላ ልጆቻቸውን ከሁሉ ቀድመው ያስመዘገቡት እሳቸው ናቸው። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ነገር ሳያላምጡ የማይውጡ ሰው ስለሆኑ ነው። ሳያላምጡ የዋጡት አንድ ነገር ቢኖር ግን እሱው ጉድ ሊያደርጋቸው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ጆንያ ስንዴ በአህያ ጭነው ወፍጮ ቤት መጡ። አንደኛው ጆንያ ወዲያው ተራ ደርሶት መፈጨት ጀመረ። እሳቸው በሁለተኛው ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ወረቀት ይዛ ገባች። ይህች ልጅ የግብርና ትምህርቷን ጨርሳ የተመለሰች፣ ገበሬውን ለማደራጀት ከቤት ቤት የምትዞር ናት። ከሚዛኑ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ለጠፈች። «ዘራችንን እንጠብቅ። እሑድ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ አለ» ይላል፤ ለወፍጮ ፈጪውም ጮክ ብላ አነበበችለት።

«እንደምን አደሩ አባባ?»

«ይመስገን። ቆይ፣ አንቺ ግን ምን ነካሽ?» አሉ ፊታቸውን አጥቁረው። «ከአባትሽ ጋር አርባ ዓመት ጎረቤት ስንሆን ዘርህ ከየት ነው ተባብለን አናውቅም። አንቺ ተምረሽ መጣሽና ዘራችንን እንጠብቅ ትያለሽ? ሰው በዘር ተቧድኖ ምን ሲያተርፍ አየሽ?»

ልጅቷ ዞር ብላ ማስታወቂያውን አየችው። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

«አባባ፣ እኔ የምለው የሚዘራውን ዘር ነው። ስንዴውን፣ ባቄላውን።»

ሽማግሌው ማስታወቂያውን እንደገና አዩት። ወፍጮ ፈጪው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ማሽኑ ዞረ።

«እኔ እኮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰዉን እንዳትሄዱ እያልኩ ነው የከረምኩት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ለካ እርስዎ ነዎት! ባለፈው እሑድ ስድስት ሰው ብቻ የመጣው ለዚህ ነዋ።»

ቋንቋችን ለሰውም ለእህልም አንድ ቃል መስጠቱ ውበት አለው፤ ጣጣም አለው። ሽማግሌው የሸሹት ነገር በእርግጥም የሚሸሽ ነበር፤ የተሳሳቱት አለመጠየቃቸው ላይ ነው።

ልጅቷ የተቀመጡበትን ጆንያ አየች። «ምን ሊያስፈጩ ነው?»

«ቀዩን ስንዴ። ለዘር ያስቀመጥኩት ነበር፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል? ከዘር ሱቁ አዲሱን ምርጥ ዘር ልወስድ ነው። ከሰዓት ሄጄ ውሉን እፈርማለሁ።»

«ቀዩን ስንዴ የያዘ ሌላ ሰው በመንደሩ አለ?»

አሰቡ። «ወንድሜ ነበረው፤ አምና አስፈጭቶ በላው። ሌላው ሁሉ ከተወው ቆየ። የለም።»

«እንግዲህ የመጨረሻው ላይ ነው የተቀመጡት አባባ።»

«ቢሆንስ? የሱቁ ዘር በሠርቶ ማሳያው ላይ የእኔን እጥፍ ሲሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የአባቴ ነው ብዬ ልጅ ላስርብ?»

«እውነትዎን ነው፣ ይሰጣል። ሠርቶ ማሳያው ግን ወንዝ ዳር ነው፤ ውኃውም ማዳበሪያውም አይጓደልበትም። የእርስዎ ማሳ ተዳፋት ላይ ነው። ዝናቡ ቀድሞ ያቋረጠ ዓመት ምን በላችሁ?»

ያን ዓመት የሰው ሁሉ ሰብል ሳያፈራ ሲደርቅ፣ የእሳቸው ሦስት ሳምንት ቀድሞ ደርሶ ነበር። ቤታቸው ጦሙን ያላደረው በዚህ ነው።

«ቀዩን» አሉ ሽማግሌው።

«የሚፈርሙትን ወረቀት አንብበውልዎታል?»

«ሰውዬው በቃል ነገረኝ። ደግ ሰው ነው፣ ሻይም ጋብዞኛል።» ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጧት። ልጅቷ ከወፍጮው ድምፅ በላይ ጮክ ብላ አነበበች።

«ገበሬው ከሚያመርተው ላይ ለዘር ማስቀረት አይችልም። በማሳውም ላይ ሌላ ዘር አይዘራም።»

«እንዲህ ይላል?»

«እንዲህ ይላል።»

«ከገዛ ምርቴ?»

ይኼኔ ወፍጮ ፈጪው መጣ። «አባ፣ ተራዎ ነው። ሁለተኛውን ላፍስሰው?»

«አይሆንም» አሉ፤ የጆንያውን አፍ በሁለት እጃቸው ጨብጠው።

በዚያች ቃል የተሰማቸውን እፎይታ ለማንም ማስረዳት አይችሉም። አንዱ ጆንያ ዱቄት ሆኗል፤ ያሳዝናል። አንዱ ግን እንደታሰረ ነው።

«ታዲያ ጭራሽ አልፈርም ወይ?»

«እሱን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ግን ከመፈረምዎ በፊት ይነበብልኝ ማለት መብትዎ ነው። ይህ አንቀጽ ይውጣልኝ ማለትም መብትዎ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢጠይቅ ካልፈለግክ ተወው ይባላል። አርባ ቤት አንድ ላይ ቢጠይቅ ግን...»

«ሱቁ ለማን ሊሸጥ ነው?» ብሎ ወፍጮ ፈጪው ጨረሰላት።

«ግማሹን ማሳ አዲሱን ይሞክሩበት» አለች ልጅቷ፤ «ግማሹን ቀዩን ይዝሩ። የደከመው መሬት ላይ ባቄላ ያፈራርቁ፣ ያገግማል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን ነው ልፋቴ።»

ሽማግሌው ከሰዓት ለፊርማ አልሄዱም። አትሂዱ ያሉትን ሰው ሁሉ ሂዱ ለማለት በየቤቱ ዞሩ። ሲዞሩ የተሳቀባቸውን ሳቅ ችለው ነው። በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። በር ላይ ስም የሚመዘግበው አስተማሪ «ዘርዎ?» ሲላቸው «ስንዴ» ብለው ገቡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሱቁ ሰው በስብሰባው ተጠርቶ ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ በአርባ ቤት ሰው ፊት ተነበበ። ሰውዬው ጥቂት ተከራክሮ ያንን አንቀጽ ሰረዘው። አዲሱን የፈለገ ወሰደ፤ የራሱን ማስቀረት ግን ማንም አይከለክለውም። ዝናብ ቢያጥር ቀድሞ የሚደርሰው ቀዩ ስንዴ ለዘር ተረፈ፤ ወረቀት ሲመጣም ሳያስነብብ ጣቱን ቀለም የሚያስነካ ጠፋ።

የመዝሪያው ወቅት ሲደርስ ሽማግሌው የተረፈችውን ጆንያ በደጃፋቸው ፈቱ። ለራሳቸው ካስቀሩት በላይ ያለውን በቆርቆሮ እየሰፈሩ ለአሥራ አንድ ጎረቤት አደሉ። የወሰደ ሁሉ ምርቱ ሲደርስ ያንኑ ያህል ለሌላ ጎረቤት እንዲሰጥ ተስማሙ። ወንድማቸው ሲቀበሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው ቆርቆሮውን እንደያዙ ወደ ልጅቷ ዞረው፣ «ያን ቀን ባትመጪልኝ ይኼን ሁሉ ዳቦ አድርጌ በልቼው ነበር።»

«እኔማ ወረቀት ለጥፌ ልሄድ ነበር» አለች ልጅቷ። «እርስዎ ስለተቆጡኝ ነው የቆምኩት።»