ለቀዘቀዘ ማሽን የተቀዳ ውሃ

ሀሊማ፣ እንዴት ዋልሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ኧረ አትነሽብኝ፣ ቁጭ በይ። ጨው ፈልጌ ነው ብቅ ያልኩት፤ ጨው ደግሞ የትም አይሄድም። መጀመሪያ እኒህን ጌታ አስተናግጃቸው... ወይ ጉድ፣ ጌታ ማለት ቀርቷል ለካ! እኒህን ጓድ። እሑድ የልጃቸው ክርስትና ነው አሉ። ወንድ ነው አይደል? እሰይ! የወገዳ ከተማ ሰው ሁሉ እኮ በእሳቸው ደስታ እንቅልፍ አጥቷል።

አቤት የጨርቅ አመራረጣቸው! እያቸው እስቲ። ጠርዙን በጣታቸው ሻሸት፣ ገልበጥ፣ ደግሞ በመዳፋቸው ዳበስ... ልክ ናቸው። ጨርቅ በዓይን ብቻ ይገዛል እንዴ? ሰው ለሚወደው ነገር ሳይዳስስ አይወስንም።

እንዴው ይህን ሳይ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። የለም፣ አታውቂውም... ብታውቂውም አላወቅሽም። መንገድ በሚሠራበት አገር የሥራ አለቃ ነው። እንዴት ያለ አስተዋይ መሰለሽ! ማሽን መታመሙን ከሩቅ ያውቃል፤ እጁን ሳያስነካ! ሌላው መካኒክ እስከ ክርኑ በዘይት ሲጨማለቅ፣ እሱ ካኪው ላይ አንዲት ነጥብ አታገኚም። መነጽሩን ወልወል ያደርግና አንዴ ያያል፤ በቃ። እንዲህ ያለ ዓይን ለስንቱ ተሰጥቷል?

እንደ አጋጣሚ ደግሞ ባሌ ሙላት የሚሠራው እሱ ዘንድ ነበር። ያን ቆፋሪውን ማሽን፣ ኤክስካቫተር የሚሉትን፣ የሚነዳው እሱ አይደል? እዚያ ማሽን ላይ ሴንሰር የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች። የማሽኑን ክንድ የሚያንቀሳቅሰው የሃይድሮሊኩ ዘይት ምን ያህል እንደጋለ ትለካና ነጂው ፊት ላለው ጌጅ ትነግረዋለች። ዘይቱ ሲቃጠል መርፌው ቀዩ ላይ ይቆማል። ታዲያ አንድ ጠዋት፣ ማሽኑ ገና ሳይሞቅ፣ መርፌው ቀዩ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ። ሙላት ወርዶ የዘይቱን ታንክ በመዳፉ ቢዳስሰው ቀዝቃዛ ነው። "ጌጁ ነው የሚቃዠው" አለና ቁፋሮውን ቀጠለ። ምን ያድርግ? መንገዱ አልቆ የእርዳታ እህሉ መኪና ክረምት ሳይገባ መድረስ አለበት። ድርቁ ከየቤታችን መች ወጣና!

ያ አስተዋይ ሰው መጣ። መርፌውን አየ። ሙላት "ጓድ ኃላፊ፣ እባክዎ አንዴ ይዳስሱት" ብሎ ለመነው... ዳሰሰው? ለምን ብሎ! ዓይን እያለው እጁን ያቆሽሻል? "አንተ አሻጥረኛ፣ የአብዮቱን ማሽን ሆን ብለህ ልታቃጥል!" አለው። ባሌን አስረው ንፋስ መውጫ እስር ቤት ወሰዱት።

ለማሽኑ ማዘኑን ግን ልንገርሽ። ሰው ለእናቱም እንዲህ አያዝንም። "ጋለ፣ ቶሎ ይቀዝቅዝ!" ብሎ የገበሬ ማኅበሩን ሴቶች በየተራ እንስራ አስያዘን። ተራው እኔም ላይ ደረሰ። ባሌ በታሰረበት ማሽን ላይ ውሃ አፈሰስኩ፤ ታምኛለሽ? በዚያ በጠዋት ውርጭ፣ ብረቱ ጣት ይቆርጣል! ከሴቶቹ አንዷ ማንጠግቦሽ እጇን ጫን አድርጋ "ኧረ ይሄ ነገር በረዶ ነው" ብትል፣ እሱ ከወዲያ ጌጁን እያየ "ጨምሩ! ገና አልበረደም!" ይላል። ጨመርን። ማሽኑ እንደ አራስ ሲታጠብ ሰነበተ፤ መርፌው ያው ቀዩ ላይ። ሴቶቹ "ነገ ደግሞ ብርድ እንዳይመታው ጋቢ አልብሱት ይለን ይሆናል" እያሉ ይስቃሉ። እኔ አልሳቅኩም፣ ሀሊማ።

ኋላ ከደብረ ታቦር መካኒክ መጣ። ከመኪናው እንደወረደ መጀመሪያ ምን ያደረገ ይመስልሻል? መዳፉን ታንኩ ላይ ጫነ። ፈገግ አለ። ቁልፉን አዞረ፤ መርፌው ዘሎ ቀዩ ላይ ወጣ። ከዚያች ሴንሰር ሽቦዋን ነቀለ፤ መርፌው ዝቅ አለ። "ዘይቱ ደህና ነው፣ ማሽኑም ደህና ነው። የተበላሸችው ሴንሰሯ ናት" ብሎ በሌላ ቀየራትና ሄደ። እንስራዬን እንዳዘልኩ በጆሮዬ ሰማሁ። ያ አስተዋይ ሰውም አጠገቡ ቆሞ ሰማ። ማሽኑ ያኑ ዕለት ሥራ ገባ። ይኸው ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማል... አይሰማሽም?

እንግዲህ ማሽኑ ዳነ። ተመስገን ነው። ሙላትስ?

ስንቅ ላደርስ ንፋስ መውጫ ብሄድ "የአንቺ ቃል አይረባንም፤ የከሰሰው ሰው መጥቶ ተሳስቼ ነው ይበል" አሉኝ። ሰኞ ወደ ጎንደር ሊጭኑት ነው። ጎንደር ከተጫኑት ማን ተመለሰ? ተይው እሱን... አንድ ቃል ነበረች የቀረችው። ግን በሰውዬው አልፈርድም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ድግስም ይኖርበት ይሆናል። ደግሞስ ትልቅ ሰው ቃሉን ያጥፋል እንዴ? ቃል ከሚታጠፍ ሰው ቢታጠፍ አይሻልም?

ምነው በዓይንሽ ትጠቅሽኛለሽ? ስም ጠራሁ? እኔ ስለ ማሽን ነው የማወራው። ማሽን ደግሞ አይቀየምም።

ውይ፣ ጓድ፣ ምነው እጅዎ ጨርቁ ላይ ቀረ? ወሬዬ አሰለቸዎት መሰለኝ። ይውሰዱት፣ ጥሩ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ የሕፃን ገላ አይጎዳም። ንፋስ መውጫ የሚሄደው መኪና ነገም አለ፣ ቅዳሜም አለ... ለድግሱ የሚጎድል ነገር ካለ ብዬ ነው።

በሉ ልመርቅዎ። ልጅዎን ያሳድግልዎ። እመብርሃን በጥላዋ ትያዘው። አድጎ ማሽን ነጂ ያድርግልዎ፤ እጁ የማይሰንፍ፣ እውነቱን የሚናገር፣ እንደ ሙላቴ ያለ። አለቃ ሲሰጠው ደግሞ... ቁርጥ አባቱን የመሰለ ይስጠው።

አሜን በይ እንጂ ሀሊማ፣ ምርቃት እኮ ነው!