ሐምሌ ሁለት የተፈረመው ውል

እንኳን ደህና ገቡ እትዬ አስካለማርያም! ይምጡ፣ እዚህ እኔ ጋ ይቀመጡ… ይቺኛዋ ወንበር እንኳ እግሯ ደህና ነው። ጎጃም እንዴት ከረመ? ዝናቡስ? እዚህማ ሄቨንን አዝዬ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ እስከዚህ አዳራሽ ስመጣ ጭቃው አንድ ጫማዬን ሊያስቀረው ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ እኮ ነው፣ ከብዳለች ልጄ። ይመስገን፣ መክበዷም ጤና ነው።

ምን ተገኝቶ ነው አዳራሹ እንዲህ ያሸበረቀው ይሉ ይሆናል። አልሰሙም እንዴ? ዛሬ የልጆቻችን ማዕከል ሰብሳቢ ይመሰገናሉ! ስማቸውን አልጠራም… ይኸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው የለ፣ እንዳያፍሩብኝ። ስማቸው ሲነሳ አይወዱም፤ ባነር ላይ በትልቁ ካልሆነ በቀር።

እርስዎ በሚያዝያ ሲሄዱ ወረዳው ለማዕከላችን በጀት ሊፈቅድ ነው ይባል አልነበር? ፈቀደ! ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቻችንን አዝለን አራተኛ ፎቅ ስንወጣና ስንወርድ ከርመን… አዎ፣ የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ብቻ ተፈቀደ። ለቤት ኪራዩና ለማራኪ ደመወዝ የሚሆን። ማራኪን ያስታውሷታል አይደል? ከሳንሱሲ እየመጣች ልጆቹን የምታለማምዳቸውን? በሷ እጅ ሄቨን ብረቱን ይዛ አራት እርምጃ ተራመደች። አራት! እኔ እናቷ ቆጥሬ አልጠግበውም።

የቀረው አንዲት ፊርማ ነበረች። «ውሉን እስከ ሰኔ ሠላሳ ፈርማችሁ መልሱ» ተባልን። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ያው እንደኔ ያለው ችኩል፣ እዚያው ኮሪደር ላይ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይፈርም ነበር። እሳቸው ግን ክብር ያውቃሉ። «እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ያለ ክብር እንግዳ አይፈረምም» አሉ። ታዲያ ይፈረማል እንዴ እትዬ? እንግዳው ስብሰባ ገቡ፣ ጠበቅን። ሥልጠና ሄዱ፣ ጠበቅን። እኛ እናቶች ስንቁነጠነጥ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉናል። እንቁላሉስ ይሂድ… የኔ ልጅ ናት እንጂ የቀረችው።

ሐምሌ ሁለት እንግዳው መጡ። እንዴት ያለ ፕሮግራም መሰለዎት! ኬኩ ተቆረሰ፣ ውሉ በወርቃማ እስክሪብቶ ተፈረመ፣ ጭብጨባው ዓለም ባንክ ሰፈር ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። በማግስቱ ውሉን ይዘን ብንሄድ የፋይናንሷ ልጅ ቀና ሳትል «የበጀት ዓመቱ ሰኔ ሠላሳ ተዘግቷል፣ ገንዘቡም ተመላሽ ሆኗል» አለችን። ኬኩ ግን ይጣፍጥ ነበር፣ አልዋሽም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እሳቸው አልቸኮሉም፤ እኛም ጎንበስ ብለን የምንለቅመው አጣን።

ታዲያ አንዳንድ ምላሰኛ አለ፣ «በልተውት ነው» የሚል። ኧረ በስማም! እኔ ፊት እንዲህ የሚል ካለ ጠቡ ከኔ ጋር ነው። አንዲት ሳንቲም አልነኩም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚሉት ለሳቸው አይሠራም። ሌባ ቢሆኑማ ኖሮ ገንዘቡ ቢያንስ እዚሁ ኮልፌ ይቀር ነበር… ንጹሕ ሰው ስለሆኑ እንዳለ መንግሥት ካዝና ተመለሰ።

ፎቶውንስ አይተውታል? በፍሬም ተደርጎ ማዕከሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሩቅ እንዲታይ ተብሎ የልጆቹ መለማመጃ ብረት ወደ ጥግ ተገፋ። እሳቸው መሐል ላይ ናቸው። ልጆቹም አሉ፣ ከታች በኩል… የግማሾቹ ፀጉር ይታያል።

ማራኪ ሐምሌን በነጻ ሠራች፤ ግን እሷም የቤት ኪራይ አለባት፣ ምን ትሁን? አከራያችንም እስከ መስከረም ነው የታገሱን። ከዚያ ማዕከሉ ከተዘጋ ሄቨንን እንደ ድሮዬ በር ቆልፌባት ጉሊት መውጣቴ ነው። እዚህ ላይ አልቀልድም እትዬ። ስወጣ «እማዬ» የምትለኝ ድምጿ ጉሊት ድረስ ይከተለኝ ነበር።

ተስፋማ አለን። «እስከ አርብ ድረስ ተጨማሪ በጀት ጠይቁ» ተብለናል። ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል፣ የሳቸው ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። ማኅተሙ ኪሳቸው ነው፣ እስክሪብቶውም ይኸው ደረታቸው ላይ ያበራል… ግን ዛሬ እንዴት ይፈርሙ? የምስጋና ቀናቸው አይደል? የምስጋና ወረቀቱን ግን ፈርመውታል። ከሥሩ የሚፈርመው ሰብሳቢው ነው፤ ታዲያ ማን ይፈርምላቸው፣ ራሳቸው ፈረሙት። ይቺ እንኳ ቀኗ ሳያልፍ ተፈረመች።

በሉ ዝም ልበል፣ መድረክ ሊወጡ ነው። ሄቨንዬ፣ እጅሽን አውጪ፣ አሁን ይጨበጨባል። ዞር አሉ እንዴ? ሰምተውኝ ይሆን? ይስሙ፣ ምን ክፉ ተናገርኩ? እኛ ድሆቹ ከምርቃት ሌላ ምን እንሰጣቸዋለን? ጮክ ብለው አሜን ይበሉኝ እትዬ። እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። እርጅናቸውን ያሳምርላቸው። ጉልበታቸው የከዳቸው ለት፣ እግራቸው አልታዘዝ ያለ ለት ደግሞ… ልክ እንደሳቸው ክብር የሚያውቅ፣ ልክ እንደሳቸው የማይቸኩል ሰው ይዘዝላቸው።