የእህቴ መኪና ከመስመሩ ስለወጣችበት ምክንያት

የምስክር ስም፦ ከመታወቂያዋ ጋር ተመሳክሮ በመዝገቡ ገብቷል፤ ደንበኞቿ በቁጣዋ ምክንያት «ካውያ» ይሏታል
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ የሞባይል ስልክ ጥገና
አድራሻ፦ ከሰዓት ጥገናው ሱቅ በላይ ባለው ቤት፣ ከአባቷና ከታናሽ እህቷ ጋር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ጠዋት

በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ተነግሮኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ታናሽ እህቴ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ አባታችን ሰዓት ይጠግናል። እኔና እህቴ ከሥራ ውጭ የምንሰበሰብበት የኤሌክትሮኒክስ ክበብ አለ። ክበቡን ካቋቋሙት አንዷ እኔ ነኝ፤ እሷ የመጣችው አምና ነው። መበየጃ አያያዝ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። መርማሪው ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ቢሉም እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ።

ትናንት እሑድ ክበባችን በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ውድድር ነበረው። ውድድሩ ነጭ ጠረጴዛ ላይ በጥቁር ፕላስተር የተለጠፈ ጠመዝማዛ መስመር ተከትላ የምትዞር ትንሽ መኪና መሥራት ነው። መርማሪው መኪናዋ መስመሩን በምን ታያለች ብለው ጠየቁኝ። ከሥሯ ሁለት ትንንሽ ሴንሰሮች አሉ። ሁለቱም በዓይን የማይታይ፣ ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃን ወደ ታች ይለቃሉ፤ የቴሌቪዥን ሪሞት የሚለቀው ዓይነት ነው። ነጩ ጠረጴዛ ብርሃኑን ይመልሰዋል፣ ጥቁሩ ፕላስተር ይውጠዋል። ሴንሰሮቹ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ስለሚሆኑ አንዱ ጥቁር ካየ መኪናዋ ወደዚያው ትታጠፋለች፤ ሁለቱም ነጭ ካዩ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። በየሴንሰሩ ላይ ጥቁሩን ከነጩ በደንብ እንዲለይ የምታስተካክል አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። መርማሪው ገብቶኛል ብለዋል።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ እህቴ ሻይ ልትጠጣ ወጥታ መኪናዋን ጠረጴዛ ላይ ትታት ነበር። አስነስቼ ስሞክራት የቀኙ ሴንሰር ጥቁርና ነጩን አይለይም። ብሎኗን በካቻቢቴ አስተካከልኩላት። በዚህ መሀል አባቴ ገባ። «ምን እየነካካሽባት ነው?» አለኝ። «እያስተካከልኩላት ነው» አልኩት። «አንቺ? ለሚጡ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀብኝ። እህቴን ቤት ውስጥ የሚጠራት ሚጡዬ እያለ ነው። እኔ «አንቺ» ነኝ።

ለምን እንዳስተካከልኩላት ተጠይቄ በደግነት አይደለም ብዬ መልሻለሁ። መኪናዋ ተበላሽታባት ብትሸነፍ አባቴ «አይዞሽ ሚጡዬ፣ የዕቃው ጥፋት ነው» እያለ ሲያባብላት ያመሻል። እኔ የፈለግሁት ደህና መኪና ይዛ፣ ማመካኛ አጥታ፣ ዓይኑ እያየ እንድትሸነፍልኝ ነው። ቅናት ነው ወይ ተብዬ አዎ ብያለሁ። የሰዓት መክፈቻ በእጇ ይዛ ለማታውቅ ልጅ ሱቁን ሊያወርሳት ነው፤ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የሰዓት ጥርስ ሳጸዳ ያደግሁት ዛሬ በሰው ደረጃ ሥር ተከራይቼ ነው የምሠራው። ሰው ነኝ፣ አንጀቴ ያራል።

የአዳራሹ መጋረጃዎች ሁሉ ተዘግተው በመብራት ብቻ ነበርን። ይህ የክበባችን ደንብ ነው። ፀሐይ ያንኑ የማይታይ ብርሃን በገፍ ስለምትለቅ ሴንሰሮቹን ታሳውራቸዋለች። መጀመሪያ ተራው የእኔ ነበር። መኪናዬ መስመሩን አንድም ቦታ ሳትስት ዞራ ጨረሰች፣ ሰው አጨበጨበ። አባቴ ከወንበሩ ሳይነሳ «ጥሩ ነው» አለና አጠገቡ የተቀመጠውን ሰውዬ የእጅ ሰዓት መመርመሩን ቀጠለ።

ከዚያ የእህቴ ተራ ሆነ። አባቴ ብድግ አለ። ሊቀርጻት ስልኩን አወጣና «ጨለማ ነው፣ ሚጡዬ በደንብ አትታይም» እያለ ብቻውን እያጉተመተመ ወደ መስኮቱ ሄዶ አንዱን መጋረጃ ገለጠው። አሥር ሰዓት አልፎ ስለነበር ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር፤ ብርሃኗ መስመሩ የሚታጠፍበት የጠረጴዛው ጫፍ ላይ አረፈ። የሰው ሁሉ ዓይን መኪናዋ ላይ ነበር። እሱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። መኪናዋ ፀሐዩ ውስጥ ስትገባ ሁለቱም ሴንሰሮች ነጭ ብቻ ሆነባቸው። ሳትታጠፍ ቀጥ ብላ ሄደችና ከጠረጴዛው ወደቀች። እንደ ስልክ ባትሪ ስስ የሆነው ባትሪዋ ከብረት ወንበር እግር ጋር ተጋጭቶ ተቀደደ፣ ወዲያው ተቀጣጠለ። እህቴ ላንሳት ብላ ዘላ ስትይዛት መዳፏ ተቃጠለ። መነካካቴን አባቴ ቀድሞ ነግሯት ኖሮ «እትዬ ናት! እሷ ናት የነካካችብኝ!» እያለች ጮኸች። አባቴም «ካቻቢቴ ይዛ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ» አለ። ጭሱ ሲበዛ ሰው ሁሉንም መስኮትና መጋረጃ ከፋፈተው፤ ስለዚህ አንዱ ቀድሞ ተከፍቶ እንደነበር ያስተዋለ የለም። አባቴ ራሱም ምን እንዳደረገ አያውቅም። ስለ ሴንሰር ደጋግሜ ነግሬው ነበር፤ እኔ ስናገር ግን ጆሮ የለውም።

መጋረጃው ሲገለጥ የሚሆነውን አውቅ እንደነበር ተጠይቄ አዎ ብያለሁ። «መጋረጃውን ዝጉት» ለማለት ጊዜ ነበረኝ ወይ ተብዬ፣ ነበረኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ለተባልኩት፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የማየው አባቴን ነበር። ለእኔ ከወንበሩ ያልተነሳ ሰው ለእሷ ፀሐይ ሲያስገባላት አየሁና ድምፄ ጠፋ። መኪናዋ እንድትወድቅ ፈልጌ እንደሆነ ተጠይቄ፣ በዚያች ቅጽበት ፈልጌአለሁ። እጇ እንዲቃጠል ግን አልፈለግሁም። ሌሊቱን ስታቃስት አጠገቧ ልሁን ብል አባቴ በሩን ዘጋብኝ።

አሁን አባቴ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ በእኔ ላይ ሊመሰክር ተራውን እየጠበቀ ነው። የሚናገረው ውሸት አይደለም፣ ካቻቢቴውን በእጄ ይዤ አይቶኛል። ይህ ቃሌ ለእህቴ እንዲነበብላት እፈልጋለሁ፤ ብሎኗን እንዳስተካከልኩላት፣ ዝም ማለቴንም ትወቀው። መጋረጃውን ማን እንደገለጠው ግን ለአባቴ እንዳይነገረው እጠይቃለሁ። መርማሪው ነገሩ በመዝገብ ከገባ በኋላ ይህን ቃል ሊገቡልኝ እንደማይችሉ ገልጸውልኛል። ቢሆንም ጥያቄዬ ይጻፍልኝ። በእኔ መናደድ ለምዶታል፣ ችሎ ይኖራል። ያቃጠላት እሱ መሆኑን ካወቀ ግን አይችለውም።

ከላይ የሰፈረው ቃል ቀስ ተብሎ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። አንድ ቦታ «የማየው መኪናዋን ነበር» ተብሎ የተጻፈው «አባቴን» ተብሎ እንዲታረም አድርጌአለሁ። የቀረው ሁሉ እኔ እንደተናገርኩትና እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ፈርማለች
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ፈርሟል