የሮም ውድቀት ከጉደር እስከ አምቦ

ከጉደር ወደ አምቦ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪ ደብተሯን ገልጣ አጠገቧ ያሉትን ሽማግሌ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ሮም ለምን የወደቀች ይመስልዎታል? ነገ ፈተና አለብኝ።»

«ቶሌ፣ እሺ። ንጉሡ በስንት ዓመቱ ነበር ሥልጣን የሚያስረክበው?»

«ማስረከብ የለም። እስኪሞት ወይ እስኪገድሉት ነው።»

«በቃ፣ እሱን ጻፊ! በገዳ ሥርዓት ቢሆን ስምንት ዓመት ገዝቶ ያስረክብ ነበር።»

ከወዲያ በኩል የተቀመጡት ባለቤታቸው ሳቁ።

«አንተስ የዕድሩን ሊቀመንበርነት ከያዝክ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃያ ሁለት። እኔ እኮ የሚረከበኝ ሰው አጥቼ ነው!»

«የሮሙም እንደዚያ ሳይል አይቀርም። እሱንም ጻፊው፣ ልጄ» አሉ፣ የባላቸውን ጋቢ ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ።

እኔም አሥራ አራት ዓመት ለማንም ያልሰጠሁትን የትምህርት ቤታችንን ቤተ መጻሕፍት ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ዳሰስኩት።